ፓርላማውና የእግረኛው መንገድ

ሰፈሩ «ፓርላማው» የሚለው ሰው ጎሚስታ ነው። ጎማ ይነፋል፣ ይለጥፋል፣ ይቀይራል። ስሙን ያወጣለት ግን እጁ አይደለም፣ አፉ ነው። ክሪኩን ከመኪና ሥር ከትቶ አንድ ሁለቴ ጫን ጫን ያደርግና መኪናዋ ባንድ እግሯ ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ እሱ ስለ ሚኒስትሮች ሹም ሽር መናገር ጀምሯላ! ባለ መኪናው ሰዓቱን ያያል፣ ይቁነጠነጣል፣ ያዛጋል። መጨረሻ ላይ ተስፋ ይቆርጥና ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች አንዱ ላይ ቁጭ ብሎ እሱም ይከራከራል። ምን ያድርግ? ጎማው ተፈቷል።

ሱቁ የቆርቆሮ ነው፤ እሱና ኮምፕሬሰሩ ከገቡበት ሦስተኛ ነገር አያስገባም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ደጅ ነው፣ ደጁ ደግሞ የእግረኛ መንገድ ነው። መኪናው እዚያ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ላይ ይፈታል፣ ሲጨርስ ወደ ኋላ እያለ ይወርዳል። እግረኛውስ? እግረኛውማ ወደ አስፋልቱ ወርዶ ከአውቶቡስ ጋር ይጋፋ እንጂ! ያ ደጅ ከተዘጋ ፓርላማው ሥራ የለውም። ይህን እሱም ያውቃል፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱም ታውቃለች።

«አንተ ሰውዬ» ትለዋለች ሚስቱ፣ «ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያ ነው የምታልፈው። ከኋላ ያለው ባዶ ቦታ ምን ሆነና ነው? መኪኖቹን ለምን እዚያ አታስገባቸውም?»

«ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» ይላታል። እየቀለደ መስሏችሁ ከሆነ አልቀለደም፤ ከሬዲዮ የለመደው መልስ ነው።

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ወደ ኋላ ሲወርድ የልጅቷን ቦርሳ ጨፈለቀው። ቦርሳውን ነው፣ እሷን አይደለም፤ ማንገቻው ከትከሻዋ ሾልኮላት ነው የተረፈችው። ያን ቀን ፓርላማው ክው አለ። ልጁን አቅፎ «ነገ አንድ ነገር አደርጋለሁ» ብሎ ማለ። ነገ መጣ። ሬዲዮው ተከፈተ። የሆነ አገር መንግሥት ወድቆ ኖሯል፣ በቃ፣ መሐላውም አብሮ ወደቀ።

አሁን ደግሞ ምርጫ ይወዳል እኮ! አገር አቀፍ ምርጫ ሲመጣ ሱቁን ዘግቶ፣ የሰርጉን ኮት ለብሶ፣ ወፍ ሳይንጫጫ ሰልፍ ላይ ይገኛል። ጎሚስታ እጁን በቤንዚን ካልታጠበ እድፉ አይለቅም፤ እሱ ግን ጣቱ ላይ የቀቡት የምርጫ ቀለም እንዳይጠፋበት ለሳምንታት አይታጠብም። በዚያ በጠቆረ እጁ የሰው መኪና መሪ ይነካል። ደንበኛ ሲቆጣ ጣቱን ቀስሮ «ግዴታዬን ተወጥቻለሁ» ይለዋል። ስለ ሰፈር ምክር ቤት ምርጫ ያነሱበት እንደሆነ ግን ፊቱን ያኮሳትራል። «እሱ ደግሞ ምርጫ ነው? የቦይና የአምፖል ጉዳይ! እኔን የሚያክል ሰው ለቦይ ይሰለፋል?» ጎማ ላይ የተቀመጡት ይስቃሉ፣ ከሁሉም አብልጠው ጡረተኛው መምህር። ሥነ ዜጋ ሲያስተምሩ ነው ያረጁት አሉ፤ እንግዲህ ምን እንዳስተማሩ እሳቸው ይወቁ።

ባለ ዳቦ ቤቷ ለሰፈሩ ምክር ቤት ስትወዳደር ቤት ለቤት ዞረች። ፓርላማው ዘንድም መጣች። ሴትየዋ ነገር አታጣምምም፤ በፊት ለፊት ነገረችው። «ወንድሜ፣ እኔ ከተመረጥኩ ይህን የእግረኛ መንገድ ከፍ አስደርጌ ዳር ዳሩን ብረት አስተክላለሁ፣ መኪና አይወጣበትም። ከኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ደግሞ ለእናንተ ለጥገና ሠራተኞች እናድርገው እላለሁ። አንተ ምን ትላለህ?»

ጎማዎቹ ላይ ያለው ጉባኤ ጆሮውን አቆመ። ፓርላማው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱን ተይውና እህቴ፣ በውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ላይ ያለሽ አቋም ምንድን ነው?»

«ኧረ እኔ የምወዳደረው ለሰፈር ነው!»

ሳቁ ፈነዳ! መምህሩ እንባቸውን ጠረጉ። ሴትየዋ ትታቸው ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ተሻገረች። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው ይሉ የለ?

የምርጫው ዕለት ሚስቱ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ደጁ ላይ ቆመች። «ትመጣለህ?»

«አላየሽም እንዴ ሬዲዮ እየሰማሁ! ባሕር ማዶ ቆጠራ ላይ ናቸው፤ የሰሜኑ ክፍለ ሀገር ውጤት ገና አልገባም» አላት። አልተሳሳተም፣ አልገባም ነበር። የባሕር ማዶውን ሰሜን ከደቡብ ለይቶ ያውቃል፤ የራሱ ሰፈር ምክር ቤት የሚመረጥበት ጣቢያ ከመጋዘኑ አጠገብ ይሁን ከክሊኒኩ ግን ቢጠይቁት አያውቅም። «አንቺው ሂጂና የፈለግሽውን ምረጪ» አለና ድምፁን ጨመረ። ከእሱ ጋር ጎማ ላይ የተኮለኮለውም አንድ አልተነሣም። ጣቢያው ውስጥ አስመራጮቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ዋሉ፤ መጥቶ የመረጠው ጥቂት እናቶችና ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ናቸው ማለት ይቻላል። ባለ ዳቦ ቤቷ አሸነፈች።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ሚስቱ ነገረችው። «ከኋላ ያለው ቦታ ሊከፋፈል ነው፣ ሂድ እንጂ!» አልሄደም፤ ያን ቀን የባሕር ማዶው አዲስ መሪ ቃለ መሐላ ይፈጽም ነበርና። የተገኙት ተካፈሉት፦ በያጁ፣ ባትሪ ሠሪውና ከታችኛው መንገድ የመጣ ሌላ ጎሚስታ። ሌላ ጎሚስታ ነው የምላችሁ!

አንድ ማለዳ ፓርላማው ሲመጣ ደጁ ተቆፍሯል። ጥቂት ቆይቶ መንገዱ ከፍ አለ፣ ጥርብ ድንጋይ ተነጠፈ፣ ብረቱ ተተከለ። የመጀመሪያው ደንበኛ ጎማው ተንፍሶ እየተንገጫገጨ መጣ፣ ብረቱን አየ፣ ፓርላማውን አየና እየተንገጫገጨ ወደ ኋለኛው ቦታ ሄደ። እነመምህሩም ጎማዎቹ ላይ ጥቂት ቀን ተቀምጠው ነበር፤ የተንጠለጠለ መኪና ከሌለ ወሬው አይደምቅም መሰለኝ፣ አንድ በአንድ ተበተኑ።

ያኔ ደሙ ፈላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። የሰርጉን ኮት ለብሶ ምክር ቤቱ ወዳለበት ክፍል ገሰገሰና ጠረጴዛውን በቡጢ መታ።

«አንቺን የመረጠ ሰው አንድ አውቶቡስ አይሞላም! በማን ስም ነው ደጄን የምትዘጊው?»

ባለ ዳቦ ቤቷ የእጇን ዱቄት እያራገፈች «እውነትህን ነው፣ አይሞላም» አለችው። «እናንተ ብትመጡ ሞልቶም ይተርፍ ነበር። እኔማ ደጃችሁ ድረስ መጥቼ ምን ትላለህ ብዬሃለሁ፤ ያልከኝን ታስታውሳለህ?»

ያስታውሳል። እንዴት አያስታውስ! ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ስፌት ላይ ናት። ልጅቷ አዲሱን ቦርሳዋን አጠገቧ አስቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ኮቱን አውልቆ ወረወረና «ጉሮሯችንን ዘጋችው! ይቺን ሴትዮ የመረጠ ደንቆሮ ማን እንደሆነ ባወቅሁ!» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ።

ለሦስት አገር መንግሥታት መልስ የማያጣ ሰው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«በገዛ ቤታችን ላይ?»

«በገዛ ልጄ ላይ ከሚመጣ ብዬ።» ጨርቁን ከስፌት መኪናው አወጣች። «ከኋላ ያለውን ቦታ ያዝ አልኩህ፣ ሬዲዮ አልከኝ። ሥራህን ስትነጠቅ ደስ ያለኝ ይመስልሃል? ሌሊት ሌሊት ሳለቅስ ነው የከረምኩት።»

«ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?» አለ፣ ድምፁ ልመና ሆኖ።

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየችው።

«አንተን ስንት ዓመት ለመንኩህ፤ እሷን ግን አንድ ቀን መረጥኳት።»