በፀሐይ በኩል ያለው መስኮት

የሳይንስ መምህርቷ ለሃያ ሁለት ዓመት ሦስተኛ ክፍሎችን የውሃ ዑደት ያስተማረችው ከባሏ ጋር ነበር። እሱ የትምህርት ቤቱ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበር። ልጆቹ በየላስቲካቸው ጥቂት ውሃ ጨምረው አፉን ያሽጋሉ፤ እሱ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ በፕላስተር ይለጥፍላቸዋል። ላስቲኩ ከውስጥ ማላብ ሲጀምር ሰዓቱን መስታወቱ ላይ በሰማያዊ ማርከር ይጽፋል። ባለፈው ዓመት የጻፈው «ሰኞ፣ አራት ሰዓት ከሩብ፣ አላበ!» እስከ ዛሬ አልጠፋም። ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። እሷም ፀሐይ ቀለሙን እንዳይበላባት መጋረጃውን ዘግታዋለች።

ዘንድሮ ላስቲኮቹን ያስለጠፈችው ጥላ በማይለየው መስኮት ላይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጠብ ያለ ነገር የለም።

«ቲቸር፣ የኔ ውሃ ሰነፍ ነው» አለ አንዱ።

«ባለቤቱን መስሎ ነዋ!» አለችው ክርክር ስለምትወድ ጓደኞቿ «ጠበቃ» የሚሏት ልጅ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ጠቆመች። «ፀሐዩ ያለው እዚያ ነው። ውሃን የሚያተነው ሙቀት ነው ብለውን የለ?»

«ያ መስኮት አይነካም» አለች መምህርቷ።

«ለምን?»

ሠላሳ አራት ልጆች ዓይን ዓይኗን ያያሉ። ባሏ በሕይወቱ ያልቻለው ነገር ቢኖር፣ ልጅ ያልገባውን ይዞ ከክፍል ሲወጣ ማየት ነው። ሄዳ መጋረጃውን ገለጠችው።

«ከጽሑፉ ራቅ አድርጋችሁ ለጥፉ። ቀስ!»

ቀስ የሚል ልጅ ከየት ይመጣል? እየተጋፉ ለጠፉ። በማግስቱ የዕረፍት ደወል ሳይደወል ላስቲኮቹ ጉም ለበሱ፤ ጠብታዎቹ እየተያያዙ ቁልቁል ወረዱ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። የጠበቃ ላስቲክ ግን ከጽሑፉ በላይ ተለጥፎ ነበር፣ አፉም በደንብ አልታሸገም። ያፈሰሰው ውሃ «ሰኞ»ን ይዞት ወረደ።

«ቲቸር፣ አጠፋሁት» አለች ልጅቱ፣ እንባዋ ቀድሟት።

መምህርቷ ጨርቅ አንስታ ነበር፤ ግን አላበሰችም። ሰማያዊው ውሃ በጣቷ ላይ እንዲወርድ ተወችው።

«አታልቅሺ፣ የኔ እናት» አለችና ማርከሩን ሰጠቻት። «ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ሦስት ተኩል።»

«ጻፊዋ!»

ልጅቱ በተንጋደደ ፊደል ጻፈች። መምህርቷ ሰዓቱን ካምናው ጋር አስተያየችው፤ አርባ አምስት ደቂቃ ቀድመዋል። ይህን ለባሏ ልትነግረው ዞር አለች።