አራጌ የደፋው ቆርቆሮ

«ሌባ ልታደርጉኝ ነው? ሃያ ስድስት ዓመት ዘብ ቆሜ፣ እጄ ያላረፈበትን መብራት አንተ ነህ ያበራኸው ልባል?»

እንዲህ የሚጮኸው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አራጌ ነው። የሚጮኸው ዳይሬክተሯ ዱሬቲ ላይ። እኔ ከበሩ ማዶ ሱቅ አለኝ፤ ጠብ ሲኖር ገዢም እዚያው ስለሚሄድ እኔም ሄጄ ቆምኩ።

«ማሎ፣ እባክዎ ጋሽ አራጌ፣ እኔም ጨንቆኝ ነው» አለች፣ የመብራቱን ቢል እያራገበች። «ሁለት ወር ቀንና ሌሊት በርቶ ሃያ ሦስት ሺህ ብር! ማታ ግቢ ውስጥ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። እስከ ዓርብ ካልከፈሉ ስንብትዎን ጻፊ ተብያለሁ።»

አራጌ ለጡረታ አስራ አንድ ወር ቀርቶታል።

ነገሩ ከፓውዛው ነው የመጣው። አንድ ፕሮጀክት ለመረብ ኳስ ሜዳው ኤሌክትሪክ ይቆጥባል የተባለ ፓውዛ ተከለ። ግድግዳ ላይ የሚጫኑት ነገር የለውም። የስፖርት መምህሩ ነመራ ስልኩን ሲነካ፣ ቢሮው ጣሪያ ጠርዝ ላይ ያለች ነጭ ሳጥን ትሰማውና ያለ ሽቦ ፓውዛዎቹን ታዛለች። ጨዋታ ሲያልቅ ይጠፋሉ፣ ይቆጥባሉ። አንድ ሳምንት ቆጠቡ። ከዚያ አንጠፋም አሉ። ነመራ ስልኩን ነካ፣ አሸ፣ ተሳደበ። ፓውዛው ከፀሐይ ጋር ፉክክር ያዘ። ዋናውን የመብራት ማጥፊያ እንዳይዘጉት የውሃው ፓምፕ አብሮ ይቆማል።

አራጌ በሰባ ሰባት ከወሎ በሰፈራ የመጣ ሰው ነው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ የታደላቸው ስንዴ ጆንያው ውስጥ በቀለ። የዚህን የኢሉባቦርን ዝናብ ማን ነገራቸው? ያን ክረምት እናቱን ቀበረ። ከዚያ ወዲህ ያልሸፈነው ነገር የለም። ደወሉ ቆርቆሮ አለው፣ የቧንቧው ቆጣሪ ቆርቆሮ አለው፣ የውሻው ቤት ሁለት አለው። መምህራኑ ለምደውት አያዩትም።

ሐሙስ ዕለት ደቅሲሳ የሚባል የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጣ። መሰላል ላይ ወጣና፣

«ይሄን የዘይት ቆርቆሮ ማነው ሳጥኑ ላይ የደፋው?» አለ።

አነሳው። ነመራ ስልኩን ነካ። ፓውዛው ድርግም። ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔም ጭምር። አራጌ ብቻ አላጨበጨበም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ውድ ዕቃ ነው አላችሁ። ዝናብ ሲጀምር እንዳይመታው ብዬ ነው።»

«አባቴ፣ በቆርቆሮ ሲሸፈን እኮ ከስልኩ የሚላከው አይደርሰውም» አለ ደቅሲሳ።

«ምነው ያኔ ቢነግሩን ኖሮ?» አለች ዱሬቲ፤ ዓይኗ ዕንባ ሞልቶ።

«ምኑን ልንገር? መሸፈን ይነገራል?»

ቢሉ ግን ይህን አልሰማም። አራጌ «ጡረታዬን ብቻ አትንኩብኝ» እያለ የሁሉንም ጉልበት ሊይዝ ጎንበስ አለ። እኔም ጋ ደረሰ። እኔ ስኳር ነው የምሸጠው፣ ምን ላድርግለት?

በማግስቱ ጠዋት ላሙን ይዞ ወጣ። ሚስቱ ዘውደነሽ ገመዱን ይዛ እስከ አስፋልቱ አብራ ተጎተተች።

«ልጆቹን ጡረታህን ልታጠጣቸው ነው?» አለችው።

ገመዱን ከእጇ አስለቅቆ ሄደ። ነጋዴው ጀዋር ሃያ አራት ሺህ ሰጠው። ላሟ ሠላሳ አምስት ታወጣ ነበር፤ ግን ጀዋር የአራጌን ፊት አይቶ ነው የገዛው።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሱቄ መጣ። ከፍሏል። ደረሰኙን በሁለት እጁ ይዞታል።

«ፌስታል አለህ?»

ሰጠሁት። ጠቀለለው፣ ደግሞ ጠቀለለው። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

«ባዶ ቆርቆሮስ?»

የነበረኝ የዱቄት ወተት ጣሳ ብቻ ነው። ሰጠሁት። ደረሰኙን ከተተና ክዳኑን በመዳፉ መትቶ ገጠመው።