የካሰች ፒክአፕ ጥቁር ልብስ

የአክስቴ ልጅ ካሰች አዲስ ፒክአፕ ገዝታ ደብረ ታቦር የገባች ሰሞን መካሪዋ በዛ። አንዱ ጣሪያዋ ላይ ፖርቶ መጋላ አሠሪላት ይላል፣ ሌላው ክላክሷን ለውጪው ይላል፣ በዕድሜው ብስክሌት እንኳ ነድቶ የማያውቅ ሰው ስለ ጎማ ያስተምራታል። ካሰች ደግሞ ሰው የሚላትን ሁሉ አንገቷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች። ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ የለመደችው ነው መሰለኝ፣ እሺ ማለት ይቀናታል። እኔ ቢሆን ገና ሁለተኛው መካሪ ላይ በሩን ዘግቼ ነበር።

ለሰው የምትናገረው ከጉና ሥር ድንችና ገብስ እየገዛች ከተማ ልታወርድ እንደሆነ ነው። ለእኔ የነገረችኝ ግን ሌላ ነበር፦ "እምዬን በገዛ መኪናዬ አውርጄ ዓይኗን አሳክማታለሁ።"

እናቷን አክስቴን ውብአለምን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኗቸዋል። ብርሃንና ጨለማ፣ ጥቁርና ነጭ ይለያሉ እንጂ የሰው ፊት አያዩም። ሐኪሙ "ይድናሉ፣ ግን አትዘግዩ" ብሏል። እሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት። "ያየሁት ይበቃኛል። ልጄን ለሰው አገር መኪና ነው ይዞብኝ የሄደ፤ እኔ አልሳፈርበትም" ይላሉ። በበቅሎ እንዳይወርዱ ወገባቸው አይችልም። ከስንት ዓመት በኋላ የተመለሰች ልጃቸውን ፊት እስከ ዛሬ አላዩትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የዮሴፍ የመኪና ጌጣጌጥ ቤት የገባነው ለእናቷ የሚመች ነገር ፍለጋ ነው። ዮሴፍ ቅቤ አንጓች ነው። ገና ከመግባታችን "እህቶቼ" እያለ ያላሳየን ጉድ የለም። ሰማያዊ የሚያበራ መብራት አሳየን፣ እንደ ሕፃን የሚያለቅስ ክላክስ አስጮኸብን። ከዚያ ከፊት መብራቱ በላይ የሚለጠፍ የጎማ ሽፋሽፍት አወጣ።

"ለመኪና ሽፋሽፍት?" አልኩት፣ ክው ብዬ።

"ሴት መኪና ታስመስላታለች" አለኝ፣ ሳያፍር።

እናቷ ዓይን አጥተው፣ ልጅቱ ለመኪና ሽፋሽፍት ልትገዛ! ሱቁ ሁሉ እስኪሰማ ተናገርኩት። ካሰች ሳቀችና የምትፈልገውን መረጠች። ዝቅ ያለ የእግር መርገጫ፣ በሩ ጎን የሚታሰር መያዣ፣ ለስላሳ የወንበር ልብስ። እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ዮሴፍ ግን ጥቁር የሚያብረቀርቅ ቆዳ ዘረጋና "ይህ የኮፈኗ፣ የፊቷ ልብስ ነው፤ የጉና መንገድ ጠጠር ነው፣ ቀለሟን ይጠብቅላታል" አላት። ቀጥሎ ለመኪና ማንሻው ክሪክ፣ ለገመድና ለመፍቻ የሚሆን ረጅም የብረት ሣጥን አሳያት። ከኋላ የጭነቱ ቦታ፣ ካሶኒው ላይ ታስሮ ሸራ ይለብሳል። ሁለቱም የሚረቡ ነገሮች ናቸው፣ ካሰችም እሺ አለች። እኔ ከሽፋሽፍቱ ጋር ስጣላ ቆዳውን ልብ ብዬ አላየሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ እናቷ መንደር፣ ወደ ጉና ወጣን። ካሰች መንጃ ፈቃድ ስላላወጣች የሚነዳው ስማቸው የሚባል የአንበሳሜ ሰው ነው። ስማቸው ጨዋ ነው፤ ሰው ካላናገረው አይናገርም፣ ትልቅ ሰው ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ይነሳል። መንደሩ ልንደርስ ስንል ካሰች ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ መኪናውን አስቆመችና እኔንም ይዛኝ ወረደች። የእናቷን የንስሐ አባት መምሬ ወልደጊዮርጊስን ይዛ ልትመጣ ነው። መኪናዋን ጸበል ይረጩላታል፣ እናቷንም ይለምኑላታል። ስማቸውን "አንተ ቅደምና እምዬ ደጅ ካለው ኮሶ ዛፍ ሥር አቁመህ ጠብቀን" አለችው።

መምሬ መስቀላቸውንና ጸበሉን ይዘው ከእኛ ጋር መንገድ እንደ ጀመሩ ከወደ ላይ ዋይታ ተሰማ። አንድ ሴት ጮኸች፣ ከዚያ ብዙ ሴቶች። ካሰች ቀጥ ብላ ቆመች። ጩኸቱ ከእናቷ ደጅ ነው።

"እምዬ!" አለችና ዳገቱን በሩጫ ተያያዘችው። እኔም፣ ደረስን ስንል አክስቴ አለፉ፣ አንድ ሳምንት ብንቀድም ምናለ፣ እያልኩ ተከተልኳት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ሰዓት የምጠላው ሰው ቢኖር ራሴን ነበር።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ መንደር ትልቅ ሰው ሲሞት የሟቹ በቅሎ ጥቁር ጨርቅ ለብሳ፣ ባዶ ኮርቻዋን፣ ወደ ለቅሶው ትመጣ ነበር። በቅሎው እየቀረ ሲሄድ ልማዱ ወደ መኪና ተሻገረ። ዓምና የጎረቤት ልጅ ዓይናለም ከዐረብ አገር አስከሬኗ ሲመለስ፣ ያመጣት ፒክአፕ ፊቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሮበት ነበር። ካሰች ያኔ አገር ውስጥ አልነበረችም። ካሰች በአዲስ ፒክአፕ እንደምትመጣ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፤ እንግዲህ የዛሬውን ፒክአፕ እዩት። ፊቱ ጥቁር ለብሷል፣ ኋላው ላይ ሸራ የለበሰ ረጅም ሣጥን ጭኗል፣ የሚነዳው የማይታወቅ ሰው ነው፣ ካሰች የለችም። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች አዩትና እንስራቸውን ጣሉ።

ስማቸውስ? ወርዶ "ምን ሆናችኋል?" ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እሱ ግን ያደገው በሥርዓት ነው። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው እንባው ከወረደ በኋላ ነው። ስማቸው ኮፍያውን አወለቀ፣ ነጠላውን አዘቀዘቀ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ አክስቴ ሄደና "እግዜር ያጥናዎ" አላቸው። አለቀ! እነሱ ያለቀሱት እሱን አይተው፣ እሱ ያለቀሰው እነሱን ሰምቶ።

ካሰች ደጁ ላይ ስትደርስ እናቷን መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ደረታቸውን እየደቁ አገኘቻቸው። በሕይወት አሉ። የሚያለቅሱት ደግሞ ለእሷ ነው።

"ባሕሩን አቋርጣ፣ ከሰው አገር ወጥታ፣
እደጄ ስትደርስ ቀረችብኝ ተኝታ።"

ሰው የገዛ ሙሾውን ሰምቶ ያውቃል? ካሰችን ያዩ ሴቶች በስመ አብ እያሉ ወደ ኋላ ሸሹ፣ አንዲቱ እዚያው ተዘረረች።

"እምዬ፣ እኔ ነኝ! አለሁ!" ብላ ካሰች እናቷ ላይ ወደቀች።

አክስቴ ገፈተሯት። "ተይኝ አንች ሴትዮ! በልጄ ድምፅ አታባብይኝ! ሣጥኑን ክፈቱልኝ፣ ልዳብሳት!"

ይህን ያህል የደነገጥኩበት ቀን የለም። እናት ልጇን ገፍትራ ልጇን ትፈልጋለች። እኔም "አክስቴ፣ እውነት እሷ ናት፣ ይመኑኝ" እያልኩ ጮኽኩ፤ ማን ይስማኝ? በመጨረሻ መምሬ "ክፈቱላቸው" አሉ። ስማቸው ሸራውን ገፎ ክዳኑን አነሳ። አክስቴን አቅፈን ካሶኒው ላይ አወጣናቸው። እጃቸውን ሰደዱ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ክሪክ ነው፣ እሜቴ" አለ ስማቸው።

"ይኼስ?"

"ገመድ።"

ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ዳበሱ። ማዕዘኑን ሳይቀር ጣታቸውን አስገቡበት። ሣጥኑ ውስጥ ልጃቸው እንደሌለች ሲያምኑ ቀስ ብለው ዞሩና "ያች ስትጮህ የነበረች ወዴት አለች?" አሉ።

ካሰች ቀረበች። ግንባሯን ዳበሱ፣ ጆሮዋን፣ አገጯን። ከዚያ በጥፊ አጮሏት። ወዲያው ደግሞ አንገቷን አንቀው ጥብቅ አደረጓት። እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ለምን ብዬ እንደማለቅስ እንኳ አላወቅሁም።

ካሰች ከእናቷ እቅፍ ስትወጣ ወደ መኪናዋ ፊት ሄደች። ጥቁሩን ቆዳ ከነማሰሪያው ገሽልጣ ገደል ሰደደችው። ጠጠሩ መኪናዋን እንደ ፈቀደው ያድርጋት።

አክስቴ ካሶኒው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። መምሬ ሊለምኗቸው አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ እሳቸው ቀደሙ።

"ዓይን ቢኖረኝ የብረት ሣጥን መሆኑን አይ ነበር። ልጄን በቁሟ ገነዝኳት" አሉ። "ሁለተኛ ሳላይ አላለቅስም። ሐኪሙ ዘንድ አውርጂኝ።"

"ነገ እምዬ? ወይስ ትንሽ አርፈሽ..."

"አሁን!"

መምሬ ጸበሉን መኪናዋንም፣ አክስቴንም፣ የደነገጠውን ሕዝብ ሁሉ ረጩት። አክስቴ ፊት ወንበር ላይ ወጡ፣ ስማቸው ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ሲነሳ የበሩን መያዣ ጨምድደው ያዙ፣ ግን አቁሙልኝ አላሉም። ካሰችና እኔ ከኋላቸው ተቀመጥን። ጉናን እየወረድን ካሰች ስለ ድንቹ፣ ስለ ከተማው፣ ስለ ሐኪሙ ስታወራላቸው ቆየችና ዝም አለች።

አክስቴ ወዲያው እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

"አለሽ?"

"አለሁ እምዬ።"

እጇን እንደያዙ ጥቂት ሄድን። ደግሞ ዝም ስትል፣ ደግሞ "አለሽ?" አሉ።