ከሰል የምታጥበው ሴት

ኮምቦልቻ ባረፍኩበት ሆቴል፣ እንግዳ መቀበያው አጠገብ፣ የጨው ውሃ ዓሣዎች የሚኖሩበት ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ። ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት አዲስ ማጣሪያ ልትገጥምለት ከደጋን መጣች። የጥቁር አባያዋን እጅጌ በላስቲክ አስራ፣ ውሃ የሚያጣራውን ምስር የሚያካክል ከሰል በባልዲ ታጥባለች። ስድስት ጊዜ ውሃውን ደፍታ ለሰባተኛ ስትሞላ አስተናጋጁ አላስቻለውም።

«እታለም፣ አልበቃውም?»

«ጥቁረቱ ከገባ መርጃኑን ያፍነዋል» አለች፣ ገንዳው ውስጥ ድንጋይ ላይ አበባ መስሎ የበቀለውን ኮራል እያሳየች።

ከሰሉን ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ጨምራ ፓምፑን ከፈተች። ፍሬዎቹ ዘለሉ። መክፈቻውን የሕፃን ዓይን እንደምትጠርግ በሁለት ጣቷ መለስ አደረገችው፤ ከላይ ያሉት ብቻ በቀስታ እስኪርገበገቡ ድረስ። ከዚያ ከዓሣዎቹ ጋር በአረብኛ ማውራት ጀመረች። የሆቴሉ እንግዶች ፎቶ ሊያነሱ ሲመጡ «ዞር በይልን» አሏት፤ ዞር አለች።

«ሥራውን የት ተማሩት?» አልኳት።

«ጂዳ። የሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አስራ አንድ ዓመት የእመቤቴን ዓሣዎች ጠበቅሁ።»

«ባሕር ዳርቻ ነዋ የኖሩት!»

«በመስኮት ይታያል። በሩ ግን ይቆለፍብኝ ነበር።»

ዕቃዋን ሰብስባ ልትሄድ ስትል ጣቷን ገንዳው ውስጥ ነክራ ቀመሰችው።

«ወንድማለም፣ እርስዎ ባሕር ገብተው ያውቃሉ?» አለችኝ። «ጨውነቱ ይሄን ያህላል?»