በላጲስ የጠፋው ሦስት ሜትር ከሃያ

ልጅ ሳለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው በካዛንቺስ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እማዬ «ይኸው ደግሞ ወሰዱት» እያለች ክብሪት ስትፈልግ፣ እኔ ፋኖሱን ከቁም ሳጥኑ ላይ ለማውረድ ወንበር እስብ ነበር፤ ያኔ በእኛ ቤት ተረት የሚወራው ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ ብቻ ነበርና። ተረት ነጋሪው አባዬ ነው። አባዬ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ስለነበር ወር ሙሉ መስክ ቆይቶ ይመለሳል፤ ጫማው ሁልጊዜ የማላውቀውን አገር አፈር ይዞ ይመጣ ነበር።

የጎረቤት አባቶች ተረት የሚነግሩት ከአእምሯቸው ነው። የእኔው ግን ደብተር ይገልጥ ነበር። ሽፋኑ ጠንካራና ቀይ የሆነ፣ ኮት ኪስ ውስጥ የሚገባ የመስክ ደብተር፤ ውስጡ በእርሳስ ከተጻፈ ቁጥር በቀር ምንም የለውም። አባዬ ፋኖሱን ጠጋ አድርጎ አንዱ ቁጥር ላይ ጣቱን ያሳርፍና «ይቺ ደግሞ ምን እንዳየች ታውቂያለሽ?» ይለኛል። ከአንዱ ቁጥር ጅብ ይወጣል፤ ከሌላው ደግሞ የመንገድ ችካል ማታ ማታ እየነቀሉ ከቀፏቸው ራቅ አድርገው የሚተክሉ ንብ አርቢ። ማንበብ እስክችል ድረስ ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። ማንበብ ከቻልኩ በኋላም ቢሆን ማመኑን አልተውኩም።

ከሁሉ የምወደው የሾላውን ተረት ነበር። አባዬ «ወንዝን ቁመትህ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር» ብሎ ይጀምራል። ወቅቱ በጋ ነበርና ወንዙ አንገቱን ደፍቶ «ሦስት ሜትር ከሃያ» አለው፤ ሰውየውም አምኖ ጻፈ። ይሄኔ በክረምት መንገደኛ በትከሻቸው የሚያሻግሩ አንድ ሽማግሌ መጥተው ሳቁበት። ወንዝ በበጋ የሚናገረውን ማን ያምናል፣ ይልቅ ሾላውን ጠይቀው አሉት። ሰውየው ቀና ቢል ከሾላው ቅርንጫፍ መሀል ጎርፍ የተወው ደረቅ ሣር ተሰክቷል። ዛፉ ላይ ወጥቶ ቢለካ አራት ሜትር ከስድሳ። የመጀመሪያውን ቁጥር በአንድ መስመር ሰረዘው፣ ከጎኑ ፈረመ፣ አጠገቡ አዲሱን ጻፈ። ለምን በላጲስ አላጠፋውም ብዬ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ባውቀውም መስማት ደስ ይለኛል።

«ስህተቱ ካልታየ፣ እርማቱን ማን ያምናል?» ይለኛል አባዬ።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ምንም አለመስማቴ የታየው ሁለተኛ ክፍል ስገባ ነው። መምህራችን ለደብተር አያያዝ ማርክ ይሰጡ ነበር፤ ሥርዝ ድልዝ ካዩ ይቀንሳሉ። እኔ ከአሥር አሥር አግኝቼ ሰማይ የነካሁ መስሎኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ አባዬ መኪናውን ለማሠራት ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ሄዶ ሳለ፣ ቀዩን ደብተር ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ገለጥኩት፤ በየገጹ የተሰረዘ ቁጥር ነው። ምስኪኑ አባቴ በአለቆቹ ፊት ማርክ ሊቀነስበት ነው ብዬ አዘንኩለት። ላጲሴን አመጣሁና የተሰረዘውን ሁሉ፣ ከጎኑ ካለው ፊርማ ጋር፣ ገጽ በገጽ አጸዳሁለት። ፍርፋሪውን እፍ ብዬ ደብተሩን ከቦታው መለስኩት።

ሰኞ ማታ መብራት ጠፋ። አባዬ ደብተሩን ገለጠ፤ ጣቱ ቁጥሩን ፈልጎ አጣው። ገጹን ወደ ፋኖሱ አስጠግቶ አየው፣ ሌላ ገጽ ገለጠ፣ ተመልሶ መጣ።

«ማን ነው ያጠፋው፣ ሚጡዬ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ፤ አጸዳሁልህ።»

እማዬ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የፋኖሱ ክር መጨስ ሲጀምር እንኳ አባዬ አላስተካከለውም። በኋላ ክሩን ዝቅ አደረገና «ወንዝን ቁመትህ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር» ብሎ ጀመረ። ያለ ደብተር፣ እስከ መጨረሻው ነገረኝ። እኔ ግን ጎበዝ ስላላለኝ አኩርፌ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ አባዬ መስክ መሄድ ተወ። በየቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቤት ነው። የቤት ሥራ ያሠራኛል፣ እሑድ እሑድ በእግራችን ኦሎምፒያ ድረስ ሄደን ኬክ ይገዛልኛል፣ መብራት ባይጠፋም ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ተረት ይነግረኛል። ጫማው ንጹሕ ሆነ። እንዲህ አራት ዓመት ቆየን፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባዬ ያረፈው እኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው፤ ክረምት ነበር። በቀብሩ ዕለት ጠዋት ዝናቡ የእድሩን ድንኳን እየደበደበ፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም ጋሽ በላይ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጽፎ አሳየኝ። ሁሉም በየዓመቱ ተዘርዝሯል። እኔ የተደሰትኩባቸው አራት ዓመታት ላይ ሲደርስ ብቻ «በልዩ ልዩ የሥራ ኃላፊነቶች አገልግለዋል» ይላል። ለምን ዘለልከው ብዬ ብጠይቀው ፊቱን አዞረ።

«ተይው ልጄ። ጋሼ መዝገብ ቤት መቀመጣቸው ለሕዝብ የሚነበብ አይደለም።»

መዝገብ ቤት መቀመጡን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ነገሩን የነገረችኝ ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው እማዬ ናት። ሾላው እውነት ነበር፤ ወንዙም፣ ሰውየውም። አባዬ አራት ሜትር ከስድሳ ብሎ ሪፖርት ቢያደርግም፣ የበላዮቹ ሥራው ቶሎ ይለቅ ብለው ድልድዩን በዝቅተኛው ልክ አሠሩት። ጎርፍ ወሰደው፤ ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። ማን ነው የለካው ተብሎ ኮሚቴ ሲቋቋም ሪፖርቱ የለም ስለተባለ የአባዬ ማስረጃ ቀዩ ደብተር ብቻ ነበር። ኮሚቴው የተሰበሰበው እኔ ላጲስ ባነሳሁበት ሳምንት ነው። ደብተሩን አዩና ጎርፉ ካለፈ በኋላ አጥፍተህ የጻፍከው ነው አሉት፤ ከመስክ አንስተውም መዝገብ ቤት አስቀመጡት።

«ልጄ ናት ያጠፋችው በላቸው ብዬ ለመንኩት» አለች እማዬ። «የስምንት ዓመት ልጅ ኮሚቴ ፊት አላቆምም አለኝ።»

ተነስቼ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ደብተሩን አወጣሁ። ገጹን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ላጲሱ የፋቀው ቦታ ወረቀቱ ሳስቷል። አራት ሜትር ከስድሳ ብቻውን ቆሟል። ከግርጌው አባዬ፣ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ፣ እንዲህ ጽፏል፦ «እዚህ ላይ የጠፋው 3.20 ነበር። ያጠፋችው ልጄ ናት፤ ልትረዳኝ ብላ ነው። ደብተሩን እጇ በሚደርስበት ቦታ የተውኩት እኔ ነኝ።» ከሥሩ ፈርሟል።

ድንኳኑ ውስጥ ካለቀሰው ሰው ሁሉ ይልቅ እዚያ ቁም ሳጥን ሥር አለቀስኩ። ከዚያ የጋሽ በላይን ወረቀት ወሰድኩና «በልዩ ልዩ የሥራ ኃላፊነቶች» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት፤ ከጎኑ ፈረምኩ። ከላዩ አራት ዓመት መዝገብ ቤት መሥራቱን፣ ልኩ ትክክል እንደነበረና ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ጻፍኩ። ጋሽ በላይ እንዲህ ተሰርዞ አይነበብም፣ በንጹሕ ይገልበጥ አለ። አይገለበጥም አልኩ። አንባቢው እንዳይቸገር እኔው ራሴ ቆሜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ የተሰረዘውን፣ ቀጥሎ እርማቱን።

ዛሬ ከእኔ ጋር የቀረው ወንዙም ሾላውም አይደለም። ያን ሰኞ ማታ አባዬ ገጹን ወደ ፋኖሱ ሲያስጠጋ ምን እንደጠፋበት አውቋል። ሊቆጣኝ ይችል ነበር፤ ደብተሩን ዘግቶ ሊነሳም ይችል ነበር። እሱ ግን ተረቱን ጨረሰልኝ።