ሐሙስን የጠየቀው ጌም

አራተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

"ሳጉሬ የምታስተምረው ጉረኛዋ ቲቸር ወደ አሰላ ብቻዋን የምትመለሰው መቼ ነው?"

ቲቸሯ እኔ ነኝ። መልሱም ትክክል ነው፤ ሐሙስ።

እንደ ቴሌቪዥን ውድድር ሰዓት የሚቆጥር የጥያቄና መልስ ጌም ነው። ማንም የራሱን ጥያቄ ይጭንበታል።

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ጌም በሰው ፊት ያሸነፍኩት የሰፈሬ ልጅ "አጭበርብረሽ ነው፣ ታገኚያታለሽ!" ብሎኝ ነበር። (የጭላሎ ተራራ የት እንዳለ የሳተ ልጅ የእኔን ቀን አልሳተም።)

ጥያቄውን አሥራ አንድ ሰው በትክክል መልሶታል። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም።

ስክሪንሾቱን ይዤ ነገ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ።

ባልደረባዬ ጫልቱ ደግሞ "ኧረ ከጣቢያው እንዳትቀሪ እህቴ! ሐሙስ ሁላችንም አብረንሽ እንሳፈራለን፤ መልሱ ስህተት ይሁንባቸው" አለችኝ።

እናንተስ፣ እንዲህ የተደረገባችሁ አላችሁ? እዚሁ ጻፉ፤ ልጁም ያንብበው።