መሪጌታ የሣሉት ፊት

ሊይዙኝ የመጡት ፖሊሶች መጀመሪያ የጠየቁኝ ደብተሮቼን ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሚዛን ተፈሪ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የያዘው ዝናብ ገና አላባራም፤ እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት አርማለሁ። ከሁለቱ ፖሊሶች አንዱን ከዓመታት በፊት አስተምሬዋለሁ። ዓይኔን ማየት ከብዶት፣ የጫማውን ጭቃ በደረጃው ጠርዝ ላይ እየጠረገ፣ "ቲቸር፣ የጻፍካቸው ደብተሮች አሉ ተብለናል" አለኝ።

ሰባት ነበሩ። አልጋዬ ሥር ካለው ካርቶን አወጣኋቸውና ዝናቡ እንዳያገኛቸው በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኳቸው። ማንም አልከለከለኝም። በራሴ ላይ የሚቀርበውን ማስረጃ በጥንቃቄ ስጠቀልል እንደነበር የገባኝ ፒክአፑ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ደብተሮቹ ላይ የነበረው ልብ ወለድ ነው። ሦስት ዓመት ደክሜበታለሁ። በቡና አገር ወዳለች ትንሽ ከተማ ስለመጣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ይተርካል። ሰውየው የመጨረሻውን ፍርድ ሲሥል ከኩነኔ ወገን ካሉት ለአንዱ ሕዝቡን የሚያስለቅሰውን የወረዳውን አስተዳዳሪ ፊት ይሰጠዋል። ምእመናኑ ለቅዳሴ ሲገቡ ያውቁታል። ከዚያ በኋላ በታሪኩ የሚሆነው ሁሉ የዚያ ፊት መዘዝ ነው። ጊዜው ከምርጫው በኋላ የነበረው ዓመት ነው፤ ሰው ሻይ ቤት ውስጥ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት። እኔ ደግሞ አምስተኛውን ደብተር ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ አውሼው ነበር። እሱ ለሌላ ሰጠው፤ ያም ለሌላ።

ስለ ሥዕል የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከአንድ ሰው ነው። ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቡና መሐል አዲስ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ግድግዳውን የሚሥሉት መሪጌታ ከሰሜን በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ የሸመገሉ ናቸው። "መሪጌታ" ከማለት በቀር ሰው በስማቸው ሲጠራቸው ሰምቼ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየሄድኩ ቆመው ከሚሥሉበት የእንጨት መወጣጫ ሥር ቁጭ ብዬ ቀለም ሲበጠብጡ አያለሁ፤ እጠይቃለሁ። እሳቸውም ሳይሰለቹ ይመልሱልኛል። መጽሐፍ እየጻፍኩ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። ስለዚያ ፊት ግን አልነገርኳቸውም።

ያስገቡኝ ክፍል ከጣቢያው ጀርባ ያለ የድሮ የቡና መጋዘን ነው። የጆንያ ሽታው ገና አልለቀቀውም። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለችው ክፍተት ብቻ ነው። ገብቼ ቆምኩ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ የማየው የሰው እግር ብቻ ነበር፤ የተዘረጋ፣ የታጠፈ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረበ። ቀጥሎ ከወደ ጥጉ በኩል ትከሻ ላይ ጣል የተደረገ ነጭ ጥምጣም አየሁ።

"መምህር፣ አንተንም አመጡህ?" አሉኝ መሪጌታ።

ከመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ከመወጣጫው ላይ ነው ያወረዷቸው። ስለ አንድ መጽሐፍ ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ከዳዊትና ከድጓ በቀር ሌላ መጽሐፍ የሚጠየቁበት ምክንያት አልገባቸውም። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አስተዳዳሪውን፣ ፊቱን፣ ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን። ስጨርስ በእኔ ጦስ መታሰራቸውን ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅኩ።

"ያ ሰዓሊ መጨረሻው ምን ሆነ?" አሉ።

"ታሰረ" አልኳቸው።

"እንግዲህ እሱን እንኳ አልሳትክም" አሉና ፈገግ አሉ። ይቅርታዬን በተመለከተ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያሰራቸው ቁልፉን የያዘው ሰው እንጂ እኔ አለመሆኔን። ከዚያ ወዲያ አላነሱትም፤ እኔም እንዳነሣው አልፈቀዱልኝም።

የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ የቤንች ገበሬ ነበር። የቡና መሬቱን ለባለሀብት አልለቅም ብሎ ነው የገባው። አማርኛን ያወቀው ካደገ በኋላ ስለሆነ "አንቱ" የሚባል ነገር በአፉ የለም፤ ሁሉንም "አንተ" ይላል። "አንተ ሽማግሌ ነህ፣ እዚህ ደረቁ ጋ ተኛ" ብሎ የራሱን ቦታ ለመሪጌታ የለቀቀላቸው እሱ ነው። ጴንጤ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል አያምንም። ቢሆንም ሁዳዴ መሆኑን ስለሚያውቅ ሚስቱ ከምታመጣለት ስንቅ የተቀቀለ ጎደሬ እየለየ በጨው ያቀርብላቸው ነበር። ቀን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁለቱ ስለ ሥዕል ይከራከራሉ። አንዳቸው ሌላውን አላሳመኑም። እኔ በሕይወቴ ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ እንደዚያ ጨዋ የሆነ አላጋጠመኝም።

ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት እንደሚሣል፣ ኩነኔ ያለበት ደግሞ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን ብቻ እንደሚታይ ያስረዱን ያን ጊዜ ነው። ካቦው የእሳቸው ግድግዳ ላይ ባለ አንድ ዓይኖቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቀ። ፊታቸውን ገና እንዳልሠሩት፣ እነሱን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ እንደሚሠሯቸው ነገሩት። የያዟቸው ሰዎች ግድግዳው ላይ ያገኙት ፊት የሌለው ራስ ብቻ ነበር ማለት ነው።

በገባሁ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሁለታችንንም አንድ ላይ ጠሩን። መርማሪው የሚጮህ ሰው አልነበረም። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተመጠነ ነው። ሰባቱ ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቧቸው በየገጹ በቀይ ስክሪፕቶ አስምሮባቸዋል። እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ሰውዬ አድርጎ በጥንቃቄ ያነበበኝ ሰው የለም።

ደብተሩን ገለጠና ያንን ምዕራፍ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። ሰዓሊው በንዴት እየተንቀጠቀጠ የአስተዳዳሪውን አገጭ፣ ጥርሱን፣ ወፍራም አንገቱን ሲሥል። መሪጌታ ታሪኩን በቃል ሰምተውታል እንጂ አንብበውት አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። አንብቦ ሲጨርስ ምን እንደሚሉ ጠየቃቸው።

"ጥሩ ጽፎታል" አሉ። "አንድ ቦታ ላይ ግን ተሳስቷል። የተናደደ እጅ መስመር አይጠብቅም። ይህ ሰዓሊ እንዲህ እየተንቀጠቀጠ ፊት አይወጣለትም።"

መርማሪው ቀና ብሎ አያቸው። የቀለዱበት መሰለው። እሳቸው ግን የሚናገሩት ለእኔ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መወጣጫው ሥር እንደሚያርሙኝ።

ከዚያ መርማሪው በአክብሮት ይናገር ጀመር። "አባቴ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም" አላቸው። የሚፈልገው አንድ ፊርማ ብቻ መሆኑን፣ የአስተዳዳሪውን ፊት ግድግዳው ላይ እንዲሥሉ መምህሩ እንዳግባባቸው ብቻ ቢያረጋግጡ ዛሬውኑ እንደሚወጡ፣ ፋሲካን ቤታቸው እንደሚውሉ፣ ለግንቦት ልደታ የሚከበረውም የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት ሥዕሉ ተጠናቆ እንደሚደርስ ዘረዘረላቸው። የተጻፈውን ወረቀት አቀረበ።

ያን ወረቀት ቢፈርሙ አልፈርድባቸውም ነበር፤ ይህን አሁንም በእውነት እናገራለሁ። የስልሳ አምስት ዓመት ሰው ናቸው፤ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እየተኙ ጉልበታቸው አብጧል። ደግሞም ጥፋቱ የእኔ ነበር።

መሪጌታ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ እየደገሙ አነበቡና መልሰው አስቀመጡት። መምህሩ የጠየቃቸው ስለ ቀለም መሆኑን፣ እሳቸውም ስለ ቀለም እንደነገሩት ተናገሩ። ሌላ የሚያውቁት የለም።

መርማሪው አንቱታውን የተወው ያን ጊዜ ነው። "እሺ፣ አንተ ሰውዬ" አለ። ከደብተሮቼ ካንዱ መጨረሻ ባዶ ገጽ ቀደደና ከስክሪፕቶው ጋር ወረወረላቸው። "እዚያ ባዶ ራስ ላይ ልትሥለው የነበረውን ፊት አሁን እዚህ ሣልልኝ። ማንን እንደሆነ እናያለን።"

እምቢ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ወንበራቸውን አስጠጉ። የግራ እጃቸውን ክብደት ወረቀቱ ላይ አሳረፉና በረጅሙ ተነፈሱ። እጃቸው ምንም አልተንቀጠቀጠም። መጀመሪያ የግንባር መስመር፣ ቀጥሎ አፍንጫ፣ ከዚያ ጢም። ቢሮው ውስጥ የስክሪፕቶው ድምፅ ብቻ ይሰማል። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳያስበው ሁለት እርምጃ ቀረብ ብሎ ነበር። ትልቁን አንድ ዓይን የሠሩት መጨረሻ ላይ ነው። ሲጨርሱ ወረቀቱን ወደ መርማሪው አዞሩት።

ሽማግሌ ነው። ጥምጣም አለው። ጉንጩ የጎደጎደ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የወረደ።

"ይኼ ማነው?" አለ መርማሪው፤ ማን መሆኑን እያወቀው።

"እኔ ነኝ" አሉ መሪጌታ። "በሠራሁበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ የምሥለው ራሴን ነው። ሂድና እይ ልጄ። የሌላውን ሰው መጨረሻ አላውቅም። የራሴን ኃጢአት ግን አውቀዋለሁ።"

መርማሪው የተጻፈውን ወረቀት እንደገና ገፋላቸውና እንዲፈርሙ አዘዘ። መሪጌታ ስክሪፕቶውን አነሡ። ወረቀቱን ግን አልነኩትም፤ ሥዕሉን ወደ ራሳቸው መለሱና ግርጌው ላይ ስማቸውን ከነአባታቸው በቁም ጽሕፈት ጻፉ።

"ሥዕል ላይ ስሜን ጽፌ አላውቅም፤ የእኛ ሥርዓት አይደለም" አሉ። "ፊርማዬን ከፈለግህ ግን የእኔ ሥራ ይኼኛው ነው። ያኛው ያንተ ነው።"

እንደሚመታቸው ጠብቄ ነበር። አልመታቸውም። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ ቀስ ብሎ አጠፈውና ደብተሬ ውስጥ አስገባው። ወደ ክፍላችን እንዲመልሱን ለፖሊሱ በእጁ ምልክት ሰጠ።

ለካቦው የሆነውን ስነግረው መሪጌታን አያቸውና "አንተ ጎበዝ ነህ" አለ። በእሱ አማርኛ ከዚህ በላይ ማዕረግ አልነበረም።

ፋሲካ አለፈ። ግንቦት ልደታም ደረሰ። የዚያን ዕለት ጠዋት መሪጌታ ከጄሪካኑ ትንሽ ውሃ ለመኑ። ፊታቸውን፣ እጃቸውንና እግራቸውን ታጠቡ፤ ጥምጣማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ ጠመጠሙና ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆሙ። ካቦው ሁላችንም እግራችንን እንድንሰበስብ አዘዘ። አብሮን የታሰረ አንድ ሙስሊም ባለሱቅ የሚተኛበትን ካርቶን አንሥቶ ለእግራቸው አነጠፈላቸው። ባበጠ ጉልበታቸው እኩለ ቀን እስኪሆን አልተቀመጡም። በኋላ እንደሰማሁት ቅዳሴ ቤቱ የተከበረው ያላለቀው ግድግዳ በነጭ አቡጀዲ ተሸፍኖ ነው።

በሰኔ መጨረሻ ክስ ሳይመሠረትባቸው ፈቷቸው። ያለ እሳቸው ቃል የእኔም ጉዳይ አልቆመላቸውም፤ ከሰባት ወር እስር በኋላ ወጣሁ። ደብተሮቹን አልመለሱልኝም። ሥራዬን አጥቼ ስለነበር ቴፒ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠርኩና ልብ ወለዱን ከትውስታዬ እንደገና ጻፍኩት። አስተዳዳሪውን አላወጣሁትም። እንደ መሪጌታ መሆን አልቻልኩም፤ ያ ሰው የበደለውን በደል አይቻለሁ። ግን ሲያነክስ የሚያፍርበት እግር ሰጠሁት፤ ሌሊት ሌሊት የሚፈራው ነገር ሰጠሁት። መጽሐፉ በዚህ የተሻለ ይመስለኛል።

መሪጌታ ያረፉት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለአርባቸው ሴት ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ጌጫ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ መሆኔን አይታ ቀረበችኝና ከአባቷ ጋር በምን እንደምንተዋወቅ ጠየቀችኝ። አብረን ታስረን እንደነበር ነገርኳት።

"እኔ የተዳርኩት ያኔ ነው" አለች። "በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ። አጎቴ ነው እንደ አባት ሆኖ የዳረኝ። ለአንድ ቀን እንኳ ለምን እንዳልመጣ ስጠይቀው፣ አልፈቀዱልኝም አለኝ።"

ሦስት ወር ሙሉ ጎን ለጎን ስንተኛ ልጅ እንደሚድሩ አንድም ቀን አልነገሩኝም። ዝም ብዬ መመለስ እችል ነበር። ግን ነገርኳት፤ ፈቅደውላቸው እንደነበር፣ የተጠየቀው አንድ ፊርማ ብቻ እንደነበር፣ ፊርማው በእኔ ላይ እንደነበር። ስለ ሥዕሉም ነገርኳት። እያዳመጠች መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

"ቢፈርም እርስዎ ምን ይሆኑ ነበር?" አለች።

"ብዙ ዓመት እታሰር ነበር" አልኳት።

ነጠላዋን አስተካከለች። እጄን ይዛ በድንኳኑ መሐል አሳልፋ ሽማግሌዎቹና ካህናቱ ወደተቀመጡበት ወሰደችኝ። "እኚህ ከአባቴ ጋር የታሰሩ ናቸው" አለቻቸው። "ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡልኝ።"

ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። ዛሬ ሰው ስለ እስሬ ሲጠይቀኝ ስንት ወር እንደሆነና ለምን እንደሆነ የምናገረው ኋላ ነው። መጀመሪያ የምለው፣ ከመሪጌታ ጋር ታስሬያለሁ ነው።